በሰንጠረዥህ ላይ ዐሥራ አንደኛው ሰው

ለውድ ወንድሜ ለነመራ ዋጋሪ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ? ምግቡስ ተስማማህ? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሣብህ ሳል ዘንድሮ ተወህ ወይ? በረዶው እስከ ጉልበት ደርሷል ብለህ ጽፈህ ነበርና ጫማህ ውኃ ያስገባ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ከነቀምት እስከ ላይፕዚግ ስንት አገር እንደሚታለፍ በክፍሌ ካርታ ላይ በጣቴ እየቆጠርኩ፣ በእያንዳንዱ አገር ልክ አንዳንድ ሰላምታ እልክልሃለሁ። እናታችን አዮ ወርቂቱ ደግሞ የእኔ ሰላምታ አይበቃትምና ቀኑን፣ ሌሊቱን፣ ውሎውን፣ አዳሩን አንድ በአንድ ጠይቂልኝ ብላኛለች። ይኸው ጠየቅኩህ።

እዚህ ላይ እንደ ልማዴ «እኛ ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ስል እጄ እንቢ አለኝ። «ሁላችንም» የምትለውን ቃል ዐሥር ወር ሙሉ ስጽፋት ቆይቻለሁ። ዛሬ አልጽፋትም።

ነመራ፣ አባታችን አርፏል። ያረፈው መጋቢት 11 ቀን 1978 ዓ.ም. ሐሙስ ጠዋት ነው። ከዚያ ወዲህ በላክሁልህ ሦስት ደብዳቤዎች ውስጥ «አባባ ሰላም ይልሃል» የሚለው ሁሉ የእኔ ፈጠራ ነው። በክራንቹ ቆሞ የሚታይበት ፎቶግራፍም የተነሣው በ1978 የገና ሰሞን ነው፤ ከጀርባው «መስከረም 1979» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስድብህን እችለዋለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብበኝ፤ ከመርዶው ሌላ የምነግርህ አለ፣ እሱም የምትጽፈውን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚነካ ነው።

ለምን እንደደበቅንህ መጀመሪያ ልንገርህ። በተቀበረ በሦስተኛው ቀን አጎታችን ኦቦ ታፋ ከአርጆ የመጡትን ሽማግሌዎች ሰብስበው፣ ሰው አገር ያለ ልጅ በወረቀት መርዶ አይረዳም አሉ። ሲወድቅ ማን ይይዘዋል፣ ማን ውኃ ያጠጣዋል፣ ማንስ አብሮት ያድራል አሉ። ትምህርቱን ጨርሶ ይምጣና እኛው በወጉ እናረዳዋለን ተባለ። እኔም እሺ አልኩ። ተገድጄ ነው ብዬ አላታልልህም፤ አምኜበት ነው እሺ ያልኩት። አንተ እዚያ ብቻህን በአንዲት ክፍል ውስጥ ወረቀት ይዘህ ስትወድቅ ታየኝና ፈራሁ።

አሁን ከበሽታው ልጀምር፤ ምክንያቱም እሱንም በቅጡ አልነገርኩህም። አንተ ከሄድክ በሁለተኛው ዓመት ገደማ አባባ ጠባዩ ተለወጠ። በጣም ትሑት ሆነ። ከቤት እስከ ልብስ ስፌት ሱቁ ያለችውን መንገድ ማንንም ሳያይ እየተንደረደረ የሚጨርሳት ሰው፣ በየመቶ እርምጃው እየቆመ ሰላምታ ማብዛት ጀመረ። ያውም ባርኔጣውን አውልቆ፣ «አከም ጅርቱ? ፈያዳ? ኢጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ?» እያለ ከሰውየው ጤና ጀምሮ ልጆቹን፣ ከብቶቹን፣ የዝናቡን ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም። ከኦቦ ጨመዳ ጋር ዘጠኝ ዓመት ተኳርፈው እንደነበር ታስታውሳለህ። አንድ ጠዋት በጨመዳ ደጅ ላይ ቆሞ ሰላም አለውና ጨመዳ እያለቀሰ አቀፈው፤ ታረቁ። ሰፈራችን ጨለለቂ በሙሉ ዋጋሪ ሰው ሆነ አለ። አዮ ብቻ ምሳው እየቀዘቀዘ ታጉረመርም ነበር።

ለካ እግሩ ነው። ጥቂት ሲራመድ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ቆም ሲል ይለቀዋል። መንገድ ዳር ባዶውን የሚቆም ሰው ምን ሆነህ ነው ይባላል፤ ሰላምታ የሚሰጥን ሰው ግን ማንም አይጠይቀውም። የእኛ ሰላምታ ደግሞ እንደምታውቀው ሕመም እስኪለቅ ድረስ ይበቃል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሸፈነለት። እኔ የሳይንስ አስተማሪዋ ከጎኑ ቆሜ አብሬው ሰላምታ ስሰጥ ኖሬያለሁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ራሴን መምታት ያምረኛል። ከጨመዳ ጋርም ያስታረቀው እግሩ እንጂ ልቡ እንዳልነበር ራሱ ነው በኋላ የነገረኝ፤ ለጨመዳ ግን እንዳትነግሪው ብሎ አስምሎኛል።

የእግሩ ጣት ጠቁሮ ሆስፒታል ስንወስደው ሐኪሙ የደም ሥሩ ጠቧል፣ እግሩ ካልተቆረጠ ይሞታል አለ። አባባ ማሽኔን በምን ልረግጥ ነው ብሎ ሁለት ወር እንቢ አለ። ያኔ ነው ለአንተ የጻፍኩልህና ያንን ስድስት ገጽ የመለስክልኝ። ደብዳቤህን ዛሬም ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አስተምርበታለሁ። በእያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ ከእናትና ከአባት የወረስነው ጽሑፍ ሙሉው ተቀምጧል፣ ጂን የምንለው የዚያ ጽሑፍ አንዱ ክፍል ነው አልክ። ግን የትኛውም ሴል ሁሉንም አያነብም፤ የራሱን ክፍል ገልጦ ሌላውን ከድኖ ይኖራል። በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ያሉት የጡንቻ ሴሎች የገለጡት መኮማተርንና መላላትን የሚያዘውን ነው። ግድግዳው በጭስ ወይም በደም ግፊት ወይም በስብ ሲጎዳ ግን ይህን ክፍል ይከድኑና፣ ሰው ገና በማኅፀን ሳለ ይነበብ የነበረውን፣ መባዛትንና መገንባትን የሚያዘውን መልሰው ይገልጣሉ። ጽሑፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቱ ተገልጦ የቱ እንደተከደነ ነው። ሴሎቹ የቀድሞ ሥራቸውን ትተው ይባዛሉ፣ ወደ ውስጥ ይፈልሳሉ፣ መንገዱም እየጠበበ ይሄዳል። ማን እንደሚከድንና ማን እንደሚገልጥ በደንብ አልታወቀም፣ እኔ የምፈልገው እሱን ነው ብለህ ነበር።

ይህን በኦሮምኛ ሳስረዳው አባባ መቀሱን አስቀምጦ ሰማኝ። ሲገባው ሣቀ። እጅጌ በተቀደደ ቁጥር ከውስጥ እራፊ ብትደርቢበት፣ በእራፊው ላይ ሌላ እራፊ ብትደርቢ፣ መጨረሻ ላይ እጅ አያስገባም አለኝ። እነዚህ የነመራ ሴሎች ክፉዎች አይደሉም፣ ልክ የማያውቁ ጠጋኞች ናቸው አለ። ከዚያም ካነበብኩለት ሁሉ እሱን የሳበው የመጨረሻው ነገር ነበር፤ እግሩ የሚቆረጥ ከሆነ ከደም ሥሩ አንዲት ቁራጭ እንዳትበሰብስ በፎርማሊን ተደርጋ ትላክልኝ ያልከው። እግሩን ለመስጠት ሁለት ወር የተከራከረ ሰው ቁራጯን ግን ንግግሬን ሳልጨርስ ፈቀደ። ልጄ ከሄደ ወዲህ የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነው፣ እንዴት እነፍገዋለሁ አለ። በማግሥቱ ሆስፒታል እንድንወስደው ያዘዘን ራሱ ነው። እግሩን ያስቆረጠው ሐኪሙ ሳይሆን ያንተ ጥያቄ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ታኅሣሥ 1977 ተቆረጠ። ነርሷ ሎሚ፣ ጎረቤታችን የነበረችው፣ ቁራጯን በጠርሙስ አድርጋ ሰጠችኝ። እግሩን ኦቦ ታፋና ባለሱቁ አበጋዝ በነጠላ ጠቅልለው ቀበሩት። እኔ ጠርሙሷን እንደ ዕንቁላል ይዤ አዲስ አበባ ወርጄ ወደ እናንተ ለሚሄዱ ተማሪዎች አስረከብኩ።

አሁን ወደ ኃጢአታችን ልምጣ። ከዚያ በኋላ የምሞላው ቅጽ ላክህልኝ። ዕድሜ፣ ሥራ፣ የደም ግፊት፣ ሲጋራ ያጨሳል ወይስ አያጨስም። አባባ ፊቱን ሳይለውጥ አያጨስም ብለሽ ጻፊ አለኝ። አንተም እንደ እኛ አያጨስም ብለህ ነው ያደግከው፤ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሽማግሌ እንዴት ያጨሳል። ሲጋራው ግን በስፌት ማሽኑ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክር ማጠንጠኛዎቹ ሥር ይኖር ነበር። ኮቱ ሲሸት አበጋዝ ነው ይል ነበር፤ ምስኪን አበጋዝ በዕድሜው አጭሶ አያውቅም። ነመራ፣ በቀን ሃያውን ይጨርስ ነበር፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ። እኔ ዐውቅ ነበር። ለምንድነው የምዋሸው ብዬ ስጠይቀው፣ ልጄ ለፈረንጆቹ ሲያነበው በእኔ እንዳያፍር አለኝ። ጻፍኩ። አያጨስም።

ከተቆረጠ በኋላ ዐሥራ አምስት ወር ኖረ፤ ማሽኑን በግራ እግሩ ብቻ መርገጥ ተምሮ የትምህርት ቤታችንን ዩኒፎርም ሰፍቷል። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ በየቤቱ በዝግታ ነው የምንዘምረው፤ ደብዳቤው በሰው እጅ ስለሚሄድ ነው ይህን የምጽፍልህ። መጋቢት 7 እኛ ቤት ነበርን። እየዘመረ ሳለ ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ፤ ቀኝ እጁም ወደቀ። ሐኪሙ ያው እግሩን የበላው በሽታ ነው፣ አሁን በአንጎሉ ደም ሥር መጣ አለ። አራት ቀን ድምፅ ሳያወጣ ተኛ። ግራ እጁ ግን የብርድ ልብሱን ጠርዝ እየተከተለ ስፌቱን ይዳስስ ነበር፤ የተፈታ ቦታ የሚፈልግ ይመስል። ሐሙስ ጠዋት እጁ ቆመ። አበጋዝ ሦስት ቀን ሱቁን ዘጋ። ጨመዳ ደግሞ በሬሳው ፊት ዘጠኝ ዓመት አባከንን፣ በመጨረሻ ቀድሞ ይቅር ያለኝ እሱ ነው እያለ ሲያለቅስ እኔ መሐላዬን ጠበቅኩ።

ትናንት ቅዳሜ ጓደኛህ ተድላ መጣ። ለዕረፍት አዲስ አበባ እንደገባ ጽፈህልን ነበር፤ እዚህ ድረስ ይመጣል ብለን ግን አላሰብንም። አውቶቡስ ተራ ሆኖ ቤታችንን ሲጠይቅ ሰው ሮጦ መጥቶ ነገረን። አዮ ከቀብሩ ቀን ወዲህ ያልተለየችውን ጥቁር ልብስ በጓዳ አወለቀች። ያን ሰማያዊ ቀሚስ፣ አንተ ስትሸኝ የለበሰችውን፣ አጥልቃ ወጣች። ሰፍቷታል፤ በዐሥር ወር ውስጥ ምን ያህል እንደከሳች ያየሁት ያኔ ነው። ባለቤትዎስ ሲላት ኑኑ ቁምባ ድረስ ለሠርግ ተጠርቶ ሄዷል አለች። ሣቀችለትም። እኔ የገዛ እናቴን እንዲያ ስትሥቅ ቆሜ ማየት ከቀብሩ ይልቅ ከበደኝ።

ተድላ የላክኸውን አወጣ። ስድስት ብልቃጥ አስፕሪን፣ ደብዳቤህ፣ አንድ የሱፍ ካልሲ። አንድ እግር ብቻ። አዮ ካልሲውን በእጇ ዘርግታ ለካችና፣ ልኩ ነው፣ እንዴት ሳይረሳው ቆየ አለች። ከዚያ ተድላ በደስታ ያንተን ሥራ ይተርክልን ጀመር። ሰንጠረዥህ ላይ ዐሥራ ስምንት በሽተኞች አሉ አለ። ሴሎቻቸው ክፉኛ የተለወጡባቸው ሁሉ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሞተዋል፤ አንድ ሰው ሲቀር። ዐሥራ አንደኛው ሰው። ከሁሉ የባሰ የተለወጠው የዚያ ሰው ሴል ሆኖ ሳለ እሱ ግን ሁለት ዓመት አልፎት በሕይወት አለ፣ ደግሞም አያጨስም። ፕሮፌሰርህ ይህ ሰው በውርሱ ውስጥ የሚጠብቀው ነገር ቢኖር ነው ብለው ተደንቀዋል፣ ነመራም አራተኛውን ምዕራፍ በሙሉ በእሱ ላይ ሠርቶታል፣ በሚያዝያ ቆሞ ያቀርበዋል አለን። በደብዳቤህም ላይ ያው ነው የጻፍከው። አባባ በአንድ እግሩ የሕክምናን መጽሐፍ ሊያስተካክል ነው ብለህ ቀልደሃል።

አዮ የተባለውን ሁሉ በኦሮምኛ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ ተድላ ወደ ሆቴሉ እስኪሄድ አልወጣችም። ስትወጣ ጥቁሯን ለብሳ ነበር። ልጄ በሌለ ሰው ላይ ቤት እየሠራ ነው፣ ሳይፈርስበት ንገሪው አለችኝ። ኦቦ ታፋ ምን ይላሉ ብላት፣ ታፋን እኔ እችለዋለሁ፣ አንቺ ጻፊ አለች።

ወንድሜ፣ ሴሎቹ እውነቱን ነግረውህ ነበር። የዋሸንህ እኛ ነን። አንተ ማን ከደነው፣ ማን ገለጠው እያልክ ስድስት ዓመት በማይክሮስኮፕ ስትፈልግ፣ እኛ እዚህ ተቀምጠን ስንከድንብህ ኖርን። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ አራተኛው ምዕራፍህ እንደማይቆም ዐውቃለሁ። ምናልባት የሚያዝያው ቀን ይተላለፋል፤ ምናልባት ፕሮፌሰርህ ፊት ታፍራለህ። አንድ አባት ወስደን ሌላም ደስታ ጨምረን ወሰድንብህ። ግን ዝም ብልና አንድ ሐኪም ያንተን ምዕራፍ አንብቦ እንደ አባባ ያለውን ሰው አይዞህ ትኖራለህ ቢለው፣ ያ ሰውም መሳቢያው ውስጥ ሲጋራ ቢኖረው፣ ምን ይውጠኛል? አልቻልኩም። ይቅር በለኝ ማለት እንኳ አፍሬያለሁ፤ ግን ይቅር በለኝ።

ስለዚህ እንዲህ ብለህ አስተካክለው፤ ለፕሮፌሰርህም ከእህቴ እጅ የመጣ ነው በላቸው። ዐሥራ አንደኛው፤ ልብስ ሰፊ፤ ስድሳ ሁለት ዓመት፤ ያጨስ ነበር፣ በቀን ሃያ፤ እግሩ ከተቆረጠ በዐሥራ አምስተኛው ወር በአንጎል ደም ሥር ሕመም ሞተ። እንደ ሌሎቹ ሞተ፣ ነመራ። የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። ቢኖር ኖሮ እኔ ከማንም በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

አዮ ሁለት ዓይንህን ትስማለች፤ ካልሲውን ለማንም አልሰጠችም፣ ትራሷ ሥር ነው። ነርስ ሎሚ ሰላም ትልሃለች፤ አስፕሪኑን ለጤና ጣቢያው በሽተኞች ብንሰጠው ምን ይመስልሃል ትላለች። አበጋዝ ከነቤተሰቡ በጣም ይጠይቅሃል፤ ስለ ሲጋራው ሽታ እውነቱን ስነግረው ቢያውቅም ዝም ብሎት እንደነበር ነገረኝ። ጨመዳም ናፍቀኸዋል። ኦቦ ታፋ ይህን እንደጻፍኩ ገና አያውቁም፤ ሮብ አርጆ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ ቁጣቸውንም እዚያው እቀበላለሁ። ለተድላ ግን ዛሬ ጠዋት ሆቴሉ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሠርግ የሄደ መስሎት ስለሣቀ አፍሮ አለቀሰ።

ደብዳቤውን እንዴት እንደሚሰጥህም አስምዬዋለሁ። ከእሑድ የካቲት 1 በፊት እንዳይሰጥህ፣ ያን ዕለትም እዚያ ያሉትን ያገር ልጆች ሰብስቦ፣ በእናንተ አቆጣጠር ከጠዋቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲሰጥህ። ያኔ እኛ ዘንድ ረፋድ አራት ሰዓት ነው። ባለፈው መጋቢት አንተ ሳትኖር ነው ያለቀስነው፤ አዮ ልቅሶዬ ግማሽ ነው ትላለች። ስለዚህ ያን ጠዋት ደጃችን ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ አበጋዝ ሱቁን ይዘጋል፣ ጎረቤቱ ይቀመጣል፣ ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ። አንተ አሁን ከወረቀቱ ቀና ብለህ ተድላንና ጓደኞችህን ስታያቸው፣ አዮ ስምህን ጠርታ ጀምራለች።

እህትህ ድርቤ ዋጋሪ
ነቀምት፣ ጨለለቂ
ጥር 17 ቀን 1979 ዓ.ም.